ኮሚቴው ወስኗል

ፀዳለ ጡረታ ከወጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ጠዋት ተነስቶ፣ ልብስ ቀይሮ፣ የትም አለመሄድ አልለመድ ብሏት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ የባቡሩን መመላለስ ስታይ ፍሬምናጦስ በሯን አንኳኳ።

ፍሬምናጦስ "ተራ በተራ የሕፃናትና የቤተሰብ መርጃ ማኅበር" ሥራ አስኪያጅ ነው። ማኅበሩ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ፣ በፀጉር ቤትና በፎቶ ኮፒ ቤት መሀል ሁለት ክፍል አለው። ሥራው የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ወላጅ የታመመበት፣ የሞተበት ወይም ኑሮ ያቃተው ቤት ሲኖር ልጆቹ ከሰፈራቸው ሳይወጡ፣ ከጎረቤት ጎረቤት እየተደገፉ እንዲያድጉ ያደርጋል። ዛሬ መቶ አርባ ልጆች አሉት። ፍሬምናጦስ ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም፤ ክራቫት ያስራል፤ "ከዚህ አንፃር" ማለት ይወዳል።

"እትዬ ፀዳለ፣" አለ ገና ሳይቀመጥ፣ "ሃያ አምስተኛ ዓመታችንን ልናከብር ነው። መጽሔት እናሳትማለን። የማኅበሩን ታሪክ እንዲጽፉልን ቦርዱ እርስዎን መርጧል።"

"እኔን? እኔ ደራሲ ነኝ?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጽፉ ኖረው የለ?"

"ሰው የተናገረውን ነው የጻፍኩት።"

"ታዲያ ይኸው! መሥራቾቹ ይናገራሉ፣ እርስዎ ይጽፋሉ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ልብ የሚነካ ከሆነ ደግሞ አንድ ተኩልም ይበቃል።"

ምስኪን፣ ማንን እንደመረጠ አላወቀም። ፀዳለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስትመዘግብ የኖረች ሴት ናት። ምስክሩ "እኔ እንጃ" ካለ "እኔ እንጃ" ብላ ነው የምትጽፈው። ምስክሩ ካስነጠሰ፣ ማስነጠሱ ለክርክሩ ይጠቅም እንደሆነ ዳኛውን ትጠይቃለች ይባላል። ይህ አመል ከቢሮ አልፎ ቤቷ ድረስ ተከትሏት መጥቷል። ለቅሶ ቤት ሰው ስለ ሟች ደግነት ሲያወራ "በዓይንዎ አይተው ነው ወይስ ሰምተው?" ብላ ትጠይቃለች። በዚህ የተነሳ ብዙ ለቅሶ ላይ ጥግ ይዛ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው።

በማግስቱ አዲስ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዛ ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ የሄደችው ጋሽ ሚደቅሳ ዘንድ ነው። ጋሽ ሚደቅሳ የማኅበሩ መሥራች ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ድሮ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ስለነበሩ ዛሬም ድረስ የሚያወሩት የሞተር ድምፅ ሊበልጥባቸው እንደሚፈራ ሰው እየጮኹ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው፣ ደረጃውን ስለሚጠሉት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይወርዳሉ።

"ጻፊ!" አሉ ሶፋቸው ላይ ተመቻችተው። "ጊዜው 1992፣ ሰኔ ነው። አያንቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት እኛ ግቢ ጫፍ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ሳንባዋን ታመመችና ሐኪም ቤት ተኛች። ሦስት ልጆች ነበሯት። ትልቋ ሌንሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቤካ ስድስት፣ ትንሿ ገና ድክ ድክ ማለቷ ነው። 'ለሦስት ቀን እዩልኝ' ብላ ሄደች። እኔ ይህን እንደሰማሁ የሰፈሩን ሰው ሰበሰብኩና ቆሜ፣ 'ወገኖቼ! እነዚህ ልጆች የኛ ልጆች ናቸው!' አልኩ። ሕዝቡ አለቀሰ።"

ፀዳለ እስክሪብቶዋን ከደብተሩ አነሳች። "ስንት ሰው አለቀሰ?"

"እንዴ?"

"ሕዝቡ አለቀሰ ብለዋል። በቁጥር ስንት ይሆናል?"

ጋሽ ሚደቅሳ ጣሪያውን አዩ። "አንድ... ሁለት ሰው።"

"ስማቸው?"

"ፀዳለ! እኔ ተከሳሽ ነኝ?"

"ምስክር ነዎት ጋሼ። ምስክር ቢሆኑ ይሻልዎታል።"

ከወጥ ቤት ሳቅ ተሰማ። ባለቤታቸው ወይንሀረግ ናቸው፤ ሽንኩርት እየላጡ ሁሉንም ይሰማሉ። "ማንም አላለቀሰም!" አሉ ከዚያው ሆነው። "ልጆቹን ወደዚህ ይዤ ብመጣ ወይንሀረግ ምን ትለኛለች ብሎ ፈርቶ ነው ኮሚቴ ያቋቋመው።"

"አንቺ ሽንኩርትሽን ላጪ!"

"እየላጥኩ ነው። ለዛ ነው እኔ የማለቅሰው።"

ጋሽ ሚደቅሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለማንኛውም ኮሚቴው ለየቤቱ ቀን መደበ። ለኔ እሁድ ደረሰኝ። በእሁድ በእሁድ ልጆቹ እኛ ቤት ይበላሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ሌላው ቀን ደግሞ ሌላ ቤት። ተራ በተራ የተባለውም ለዚህ ነው።"

"ቀኑን የመደበው ማን ነው?"

"ኮሚቴው ነዋ።"

"ሰብሳቢው እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ነዎት የመደቡት?"

"እኔ በሌለሁበት ነው የተወሰነው። የዚያን ዕለት ሥራ ገብቼ መሆን አለበት። ውሳኔው ቤቴ ድረስ ተላከልኝ።"

ፀዳለ "መሆን አለበት" ብላ እንዳለ ጻፈችውና ከሥሩ አሰመረችበት።

ሁለተኛዋ ምስክር ዙሃራ ናት። ዙሃራ ያኔም ባለሱቅ ነበረች፣ ዛሬም ባለሱቅ ናት። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ሱቋን ነቅላ፣ ማዳበሪያዎቿን ተሸክማ ግራውንድ ላይ ገብታለች። ከፀዳለ ጋር የዕድሜ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሦስት ዓመት ዙሃራ ትበልጣለች፣ ግን አታምንም።

"ሚደቅሳ ቆሞ ተናገረ አለሽ?" አለች ለአንዲት ደንበኛ ስኳር እየመዘነች። "ሚደቅሳ ተቀምጦም አልተናገረ! ልጆቹን መጀመሪያ ያበላሁ እኔ ነኝ። ሰኔ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት። ሦስት ቀን በላይ በላዩ። ጻፊው።"

"ጽፌዋለሁ። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ኮሚቴው ሰኞን ሰጠኝ።"

"ስብሰባው ላይ ነበርሽ?"

"ፀዲ፣ ያኔ ስድስት ልጅ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሱቅ ነበረኝ። የምን ስብሰባ ነው የምታወሪው?" ስኳሩን ለደንበኛዋ ሰጠችና እጇን አራገፈች። "ይልቅ ቆይ፤ የነሱ ደብተር እኔ ጋ አለ መሰለኝ። ሚደቅሳ ያኔ 'ዕቃ ጠቅልይበት' ብሎ ሰጥቶኝ፣ ተጽፎበት ስላየሁት ሳልቀደው ቀረሁ።"

ከሚዛኑ ሥር አንድ ጥጉ የተበላ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር አውጥታ ሰጠቻት። ሽፋኑ ላይ በጋሽ ሚደቅሳ ወፋፍራም ፊደል "ቃለ ጉባኤ" ይላል።

ፀዳለ የዱቄት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ገለጠችው። ጋሽ ሚደቅሳ አፋቸው ላይ ያጋንናሉ እንጂ ሲጽፉ ሌላ ሰው ናቸው። እንዲህ ይላል፦

"አንደኛ ስብሰባ። አጀንዳ፦ የአያንቱ ልጆች ማን ቤት ይሁኑ። ሰፊ ውይይት ተደረገ። ውሳኔ፦ ለነገ ማታ ተላለፈ።"

"ሦስተኛ ስብሰባ። ሰብሳቢው ቤታቸው ጠባብ መሆኑን አስረዱ። ሌሎችም ቤታቸው ጠባብ መሆኑን አስረዱ። ውሳኔ፦ ለነገ ማታ ተላለፈ።"

"አራተኛ ስብሰባ። ስለ ልጆቹ ከመነጋገራችን በፊት የኮሚቴው ስም ምን ይባል የሚል ጥያቄ ተነሣ። በስሙ ላይ ስምምነት ስላልተደረሰ ስለ ልጆቹ መነጋገር አልተቻለም።"

"ሰባተኛ ስብሰባ። ዝናብ።"

እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አንደኛው ይሄዳል። አሥራ አንዱም ጋ ውሳኔው አንድ ነው፦ ተላለፈ። ሰኞ ለዙሃራ፣ እሁድ ለሚደቅሳ የሚል አንድም መስመር የለም። ፀዳለ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠችው። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ ተወስኖ ያልተፈጸመ ስንቱን አይታለች፤ ሳይወሰን የተፈጸመ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዘላ ያለፈችውን ሁለተኛውን ስብሰባ ተመልሳ ስታነብ ደግሞ ከታች፣ "ያልተገኙ" በሚለው ሥር፣ በተራ ቁጥር ስምንት እንዲህ የሚል አገኘች፦

"ወ/ሪት ፀዳለ ኃይለሚካኤል። ሊጠሯት ተሂዶ ቤቷ የለችም። እግሯ ግን በበሩ ሥር ታይቷል።"

ፀዳለ ደብተሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

"ምን አገኘሽ?" አለች ዙሃራ።

"ምንም። ዝናብ ዘንቦ ነበር ይላል።"

ነገሩን መቼም ረስታው አታውቅም። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ብቻዋን የምትኖርባት አንድ የቀበሌ ክፍል፣ ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ አዲስ ሶፋ። ከልደታ ማርያም ተመልሳ ሬዲዮ እየሰማች ሳለ የጋሽ ሚደቅሳን ድምፅ በሩቅ ሰማች። ለምን እንደሚመጡ አውቃለች። ሬዲዮኑን ዜናው መሀል ላይ ዘጋችና ከበሩ ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ቆመች። በሩ ደግሞ ክረምት ክረምት እያበጠ ስላስቸገረ ከሥሩ ተቆርጦ፣ አራት ጣት ያህል ክፍተት ነበረው። "የለችም" አሉ ጋሽ ሚደቅሳ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ በጠራ ድምፅ "እግር አለ" አለች። ጋሽ ሚደቅሳ ሳል አሳላቸው፣ ሄዱ። ፀዳለ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ልጅቷ ያየችው የወንበር እግር ይሆናል እያለች ራሷን ስታጽናና ኖራለች።

ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከሥራ ስትገባ ሌንሳ ሁለቱን ታናናሾቿን ይዛ በሯ ላይ ቆማ አገኘቻት። ፊቷ እንደ ችሎት ተላላኪ ኮስተር ብሏል።

"እትዬ፣ ኮሚቴው ወስኗል። ሐሙስ የእርስዎ ተራ ነው።"

ፀዳለ ምን ትበል? መቼ ተወሰነ እንዳትል ስብሰባው ላይ አልነበረችም። ለምን አልነበርሽም ቢሏትስ? በሩን ከፈተች፤ የሶፋውንም ፕላስቲክ የዚያኑ ዕለት ገፈፈችው፣ ትንሿ ልጅ ሻይ ደፍታበት ስለነበር።

አሁን ዱቄቱ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ከዚያ ቀና አለችና፣ "ዙሃራ፣ ሰኞ ያንቺ ነው ብሎ ማን ነው የነገረሽ?" አለች።

"ሌንሳ ናት። ኮሚቴው ልኳት።"

ጋሽ ሚደቅሳ ጋ ደወለች። ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ያዘች። "እሷው ሌንሳ ናት!" አሉ እየጮኹ። "ውሳኔውን ይዛ የመጣችው እሷ ናት! ምነው?"

"ምንም። ቃልዎን ለማሟላት ነው።"

ሌንሳ ዛሬ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ሜክሲኮ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ሆና ትሠራለች። ፀዳለ በነጋታው ታክሲ ይዛ ሄደች። ሌንሳ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ለአንድ ሽማግሌ ኪኒን እንዴት እንደሚወስዱ እየነገረች ነበር፦ "ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በመሀል እንዳይረሱ።" ሽማግሌው እሺ እሺ እያሉ ወጡ። ሰው ማዘዝ ድሮም ይሆንላታል።

"እትዬ ፀዳለ! ደህና ነዎት? አመመዎት?"

"አላመመኝም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እውነቱን ትነግሪኛለሽ።"

"እሺ።"

"በ1992 ሰኔ ወር፣ ለየቤቱ ቀን የመደበው ኮሚቴው ነው?"

ሌንሳ የያዘችውን የኪኒን ካርቶን አስቀመጠች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፀዳለ ልታለቅስ ነው ብላ ደንግጣ ሶፍት ስትፈልግ ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። ሳቁ አላስቆም ሲላት ከመደርደሪያው ጀርባ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም!" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "እኔ ነኝ።"

ፀዳለ ደብተሯን ዘረጋች። "ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።"

"እትዬ ዙሃራ ቤት ሦስት ቀን በላን። በሦስተኛው ቀን ገበታው ላይ ስንሆን ዘጠኝ ልጅ ነን። እሷ አልበላችም። 'ጾመኛ ነኝ' አለችን። ረመዳን እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አሁን እዚህ ቤት ተመልሰን መሄድ የለብንም ብዬ አሰብኩ። ኮሚቴው ደግሞ ግቢው መሀል ካለው ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ምን እንደሚሉ አይሰማኝም፤ ግን እጃቸውን ሲያወናጭፉ ይታየኛል። ትልልቅ ሰዎች ያን ያህል ሰዓት ተቀምጠው መቼም የሆነ ነገር ወስነዋል አልኩ። እናቴ ትታልን በሄደችው ቆሎ ሁለት እሁድ ጠበቅኩ። የሚነግረን ጠፋ። ስለዚህ እነሱ ካልነገሩኝ እኔ ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ።"

"ማንም ያዘዘሽ ሰው አልነበረም?"

"ማንም። በየቤቱ አንኳኳሁና 'ኮሚቴው ወስኗል' አልኩ። አንድም ሰው መቼ አላለኝም። ሁሉም 'አዎ፣ አዎ፣ ሰምቻለሁ' አሉ።"

ፀዳለ "ሰምቻለሁ" የሚለውን ስትጽፍ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ እሷም ያለችው ይህንኑ ነበር።

"ቀኖቹንስ እንዴት መደብሽ?"

"ለጋሽ ሚደቅሳ እሁድን የሰጠሁት እሁድ እሁድ የእትዬ ወይንሀረግ ወጥ ሥጋ ስለነበረው ነው።"

"እኔስ?"

ሌንሳ ወደ መሬት አየች። "እርስዎን መጀመሪያ ያየሁት በእግርዎ ነው።"

"አውቃለሁ። መዝገብ ላይ ሰፍሯል።"

"ነጭ ካልሲ አድርገው ነበር። ቤት ውስጥ ነጭ ካልሲ የሚያደርግ ሰው አልጋው ንጹሕ ነው ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜን ልሰጥዎት ነበር፤ ግን ቅዳሜ ልብስ ያጥባሉ። ልብስ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ይቆጣል። ስለዚህ ሐሙስ አደረግኩት።"

ፀዳለ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ምስክር ፊት ስትስቅ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

"እናትሽ ኅዳር ላይ ድና መጣች። ታዲያ ነገሩ እዚያው ለምን አላበቃም?" አለች ራሷን ከሰበሰበች በኋላ።

"አብቅቶ ነበር እኮ። እኛ ወደ ቤታችን ገባን። አንድ ሐሙስ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ እርስዎ በር ላይ ቆመው መንገዱን ሲያዩ አየሁዎት። ምግቡ ቀርቧል፤ ሦስት ሳህን። የምንቀር አልመሰለዎትም። ሰኞም እትዬ ዙሃራን እንደዚያው አየኋት። በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት መንታ ልጆች ይዛ ከጌጃ ሰፈር መጣች። 'እዚህ ሰፈር ልጅ የሚይዝ ኮሚቴ አለ ብለውኝ ነው' አለች። ጋሽ ሚደቅሳ ስብሰባ የሚጠሩበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ሰው መሥሪያ ቤት መስሎታል። እኔ አሰብኩ። ባዶ ሐሙስ አለ፣ ባዶ ሰኞ አለ..."

"ኮሚቴው ወስኗል አልሽ?"

"ኮሚቴው ወስኗል አልኩ።"

ፀዳለ እነዚያን መንታዎች ታስታውሳቸዋለች። አንደኛው ድንች አይወድም ነበር። እሷ ደግሞ ኮሚቴው እንዳይቀየማት ፈርታ፣ የሱን ብቻ ለብቻ ትሠራለት ነበር።

ታሪኩ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ፍሬምናጦስ ቢሮው ተቀምጦ አነበበው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ክራቫቱን ፈታ፣ አምስተኛው ላይ ውሃ ጠጣ።

"እትዬ ፀዳለ፣ ከዚህ አንፃር... መሥራቾቻችን በራዕይ ተነሣስተው ማለት አይቻልም?"

"እንደዚያ ብሎ የመሰከረ የለም።"

"የዘጠኝ ዓመት ልጅ መላውን ሰፈር አታለለች ብለን ለእንግዶች እንዴት እናነባለን? ረጂዎች ይመጣሉ! ቢያንስ 'ከጅምሩ ሕፃናትን ያሳተፈ አሠራር' እንበለው።"

"አንተ በል። እኔ አልጽፈውም።"

"እግርዎ ታይቷል የሚለውንስ? የራስዎ ነገር እኮ ነው! እሱን እንኳ ይሰርዙት።"

ፀዳለ ያንን መስመር ማታ ሦስት ጊዜ ለመሰረዝ እስክሪብቶ አንስታ ሦስት ጊዜ አስቀምጣዋለች። "የሌላውን አልሰርዝም ብዬ የራሴን ብሰርዝ ምን መዝጋቢ ነኝ?" አለችው።

በዓሉ ቅዳሜ ነው፤ ሌላ ጸሐፊ ለመፈለግ ጊዜ የለም። ፍሬምናጦስ አንድ ዘዴ መጣለት። የታሪኩን ንባብ ልክ ምሳ ሊቀርብ ሲል አደረገው። ሰው የወጥ ሽታ እየሸተተው ታሪክ አይሰማም ብሎ ነው።

ቅዳሜ የኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ ሞላ። እንግዶቹ ከፊት ተደረደሩ። ጋሽ ሚደቅሳ ሱፍ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ድስቶቹ ከግድግዳው ጥግ ተደርድረው ይተናሉ። ፀዳለ መነጽሯን አድርጋ ስትነሣ ወረቀቱን እንዴት እንደምትይዘው ግራ ገባት። ሠላሳ አንድ ዓመት ችሎት ውስጥ ስትቀመጥ ሁልጊዜ የሚቆመው ሌላ ሰው ነበር።

አነበበች። አያንቱ መታመሟን፣ ዙሃራ ሦስት ቀን ማብላቷን፣ በሰኔ ወር ጾመኛ ነኝ ማለቷን። ዙሃራ ከኋላ ሆና "ይህን ማን ነገረሽ?" አለች በቁጣ። ፀዳለ ቀጠለች። የአሥራ አንዱን ስብሰባ ውሳኔ አንድ በአንድ፣ ዝናቡንም ሳይቀር አነበበች። የጋሽ ሚደቅሳ አንገት ከሱፉ ኮሌታ ውስጥ እየገባ ሄደ። ፍሬምናጦስ ድስቶቹን እንዲከፍቱ ለአስተናጋጆቹ በእጁ ምልክት ቢሰጥም አስተናጋጆቹ ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው እየሰሙ ነው።

ከዚያ ያቺ መስመር ጋ ደረሰች። ዘላት ብታልፍ ማንም አያውቅም።

"ያልተገኙ፦ በተራ ቁጥር ስምንት፣ ወይዘሪት ፀዳለ ኃይለሚካኤል። ቤቷ የለችም። እግሯ ግን በበሩ ሥር ታይቷል።" ቀና አለች። "ይህን ታሪክ የጻፍኩት እኔ፣ ቤት ነበርኩ። ተደብቄ ነው።"

ከፊተኛው ረድፍ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ወይንሀረግ ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ይስቃሉ። ከዚያ መሀል ረድፍ ላይ አቶ ፍሰሐ፣ የድሮው ልብስ ሰፊ፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

"እኔ ሽንት ቤት ነበርኩ" አሉ።

"ምን?" አለች ፀዳለ።

"ያኔ ኮሚቴው ሲመጣ። የግቢው የጋራ ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ሁለት ሰዓት አልወጣሁም። አሥር ሰው ተሰልፎ ሲሰድበኝ ነበር። ይጻፍልኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት አሮጊት ከወዲያ "እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ! ስወጣ ወገቤ አልቃና ብሎኝ ሳምንት ታሸሁ!" አሉ። ሌላው የታመመ መስሎ ግንባሩን አስሮ እንደነበር፣ ሌላው ያልሞተ ዘመድ ገድሎ ለቅሶ ሄድኩ እንዳለ መናገር ጀመረ። ሃያ አምስት ዓመት "መሥራቹ እኔ ነኝ" እያሉ ሲኮራረፉ የኖሩ ሰዎች አሁን በመደበቅ ይፎካከሩ ጀመር።

ጋሽ ሚደቅሳ በመጨረሻ ብድግ አሉ። "ዝም በሉ!" አሉ፤ ድምፃቸው መስተዋቱን አንቀጠቀጠው። "ሌንሳ! እዚህ ነሽ?"

ሌንሳ ከኋላ ቆመች። "አለሁ ጋሼ።"

"እኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበርኩ። አንቺ ነሽ ለኔ እሁድን የመደብሽልኝ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"በምን ሥልጣን?"

"ርቦን ነበር።"

ሽማግሌው ደረታቸው ላይ የተሰካውን አበባ ነቅለው፣ መተላለፊያውን ቀስ ብለው ሄደው እጇ ላይ አስቀመጡላትና ተመለሱ። ሲቀመጡ ወይንሀረግ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ "ለምን እሁድ እንደሆነ ጠይቃት እስቲ፤ በኔ ወጥ ነው" ሲሏቸው ፊተኛው ረድፍ ሁሉ ሰማ።

ምሳው ቀዘቀዘ። ሰው ሳህኑን ይዞ ወደ ድስቱ ከመሄድ ይልቅ ፀዳለ ፊት ተሰለፈ። እሷም ደብተሯን ዘርግታ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ "ስም? የት ነው የተደበቁት? ብቻዎን ነበሩ?" እያለች መዘገበች። እንግዶቹ መጀመሪያ ግራ ተጋብተው ነበር፤ ኋላ ግን አንደኛዋ ወደ ፍሬምናጦስ ዞራ "እኔም እናቴ ስትልከኝ ቁም ሳጥን ውስጥ እደበቅ ነበር፤ መመዝገብ ይቻላል?" አለችው። ፍሬምናጦስ "ከዚህ አንፃር..." ብሎ ጀመረና፣ ክራቫቱን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወጥ ማቅረብ ጀመረ።

መጽሔቱ ሲታተም ታሪኩ ሃያ ሁለት ገጽ ሆኖ ወጣ። በሳምንት ውስጥ አለቀ፤ የተደበቀ ሁሉ የራሱን ገጽ ለልጆቹ ለማሳየት ሦስት አራት ወስዶ ስለነበር። ፍሬምናጦስ ድጋሚ አሳተመ።

ከሁሉም ያኮረፈችው ዙሃራ ብቻ ናት። መጽሔቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቋን ለልጇ ጥላ ፀዳለ ቤት መጣችና ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

"እኔ ጋ ምንም የሚያስቅ የለም" አለች። "ሁሉም ሰው የራሱን እያነበበ ይስቃል። የኔን ሲያነቡ ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። ትናንት ፍሰሐ ሱቄ መጥቶ እጄን ሊስም! እጄን! ሰው ምን ይለኛል?"

"ያደረግሽውን ነው የጻፍኩት ዙሃራ።"

"አንድ ቀን እንኳ ሳልደበቅ አልቀርም። አስቢልኝ እስቲ። ዱቄት ማዳበሪያ ጀርባ ምናምን።"

"አልተደበቅሽም። ሌንሳን ጠይቄያታለሁ።"

"አንቺ ጻፊልኝ፣ እኔ እፈርማለሁ!"

"ሐሰተኛ ምስክርነት አልቀበልም።"

ዙሃራ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን እያየች ማሰላሰል ጀመረች። ፀዳለ ደብተሯን ገልጣ ጠበቀቻት። ምስክር ሲያስብ ማቋረጥ አትወድም። የዙሃራ ማሰብ ሲረዝምባት ግን ተነሥታ ሽሮ ጣደች፤ ምሳ መድረሱ አይቀርም፣ ሴትዮዋም ያን የምትፈልገውን ኃጢአት እስክታገኝ ድረስ የምትሄድ አትመስልም።